የሳምንቱ አየር፦ ድሬዳዋ፣ ሐረርና ዙሪያው (ከመስከረም 26 እስከ ጥቅምት 2)

የከዚራ ጥላ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም ሐረሮች።

ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ይሄ ሳምንት ሰው የሚዘናጋበት ነው። መስቀል አለፈ፣ ጃንጥላ ተሰቀለ፣ "ክረምቱ ወጣ" ተባለ። እኔ ገና አልወጣም ባይ ነኝ። ቢያንስ ከተራራው ላይ አልወጣም።

ቤቴ ፎቅ ላይ ነው። የኋላ በረንዳዬ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደንገጎ ተራሮች ያሳያል። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ትናንትም ያየሁት አንድ ነገር ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ደመና ብቅ ይላል። 9 ሰዓት ሲሆን ሽቅብ ይቆለልና ከሥሩ ይጠቁራል። ከዚያ ነጎድጓዱ ይሰማል። እኛ ሰፈር ከዚራ ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሰሞን ነፋሱ ይዞራል። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ያመጣልን የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይደክማል። ከዓረቢያ በኩል ደረቁ የምሥራቅ ነፋስ መግባት ይጀምራል። ዝናቡም ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ዛሬ አንዱ ይበረታል፣ ነገ ሌላው። መሬቱ ገና ረጥቧል፣ ፀሐይዋ ደግሞ ኃይለኛ ናት። ተራራው ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ሲቀዘቅዝ ዝናብ ይሆናል።

ግምቴን ላስቀምጥ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ በደንገጎ፣ በቀርሳና በሐረማያ በኩል ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ሊኖር ይችላል። ሁሉም ቦታ አይዘንብም፣ ቦታ ይመርጣል። ከሐሙስ ጀምሮ ደረቁ ነፋስ እየበረታ የሚሄድ ይመስለኛል። ድሬ ቀኑ ሞቃት ነው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ። ሌሊቱ ግን መለዘብ ጀምሯል። ግቢ አልጋ አውጥታችሁ የምትተኙ ሰዎች ወደ ንጋት ጋቢ ሳትፈልጉ አትቀሩም። ሐረር ቀኑ ደስ ይላል፣ ማታው ሹራብ ይጠይቃል።

የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የአሥር ቀን ትንበያ አለ። ቅድሚያ ለእሱ ስጡ። እኔ የምጨምረው ከበረንዳዬ የማየውን ነው።

አንድ አደራ። ደቻቱ አሸዋ ውስጥ፣ ማለትም ከተማውን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ውስጥ የምትነግዱ፣ አሸዋ የምታወጡ፣ በዚያ የምታቋርጡ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ አትመኑት። ተራራውን እዩ።

---

ባጃጅ 24 | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡48

ሰላም ጋሼ። እኔ ስልኬ ላይ ሳይ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ብቻ ነው የሚለው። አንዲትም ደመና የለችም። እርስዎ ደግሞ ዝናብ አለ ይላሉ። የቱን ልመን? እኔ በየቀኑ አሥራ ምናምን ጊዜ ከመጋላ ከዚራ እመላለሳለሁ። ድልድዩ ሲጨናነቅ በአሸዋው ነው የምቆርጠው።

---

የከዚራ ጥላ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ስልክህ አልዋሸህም። ከተማው ላይ ምናልባት እንዳለው ፀሐይ ብቻ ይሆናል። ችግሩ ስልኩ የሚነግርህ ስለ ድሬ መሆኑ ነው። ደቻቱ ደግሞ ውሃውን የሚያመጣው ከድሬ አይደለም።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጀርባዋ ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ያ ሁሉ ከፍታ በጣም አጭር ርቀት ውስጥ ነው ያለው። የስልኩ ትንበያ መሬቱን በሰፋፊ ካሬ ከፍሎ ለአንዱ ካሬ አንድ መልስ ይሰጣል። ቁልቁለቱ፣ ገደሉ፣ ሸለቆው አንድ ላይ ይጨፈለቃል። አንዲት ደመና አንድ ቀበሌ ላይ ተንጠልጥላ ዶፍ ብታወርድ አያገኛትም።

ስለዚህ "ዛሬ ድሬ ይዘንባል ወይ?" ብለህ አትጠይቀው። የሐረማያንና የቀርሳን ክፈትና እይ። እዚያ የነጎድጓድ ምልክት ካለ አሸዋውን ተወው፣ በድልድዩ ሂድ። ብትዘገይ ይሻላል።

---

ደቻቱ ዳር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ከዚራ ጥላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ነገር በየዓመቱ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

እኔ የ1998ቱን ጎርፍ አይቻለሁ። ሐምሌ 30 ለእሑድ አጥቢያ ነበር። ሰው ተኝቷል። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከሩቅ ይሰማል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ የጭቃ ሽታ መጣ። ውሃውን ያየሁት ከሁሉም በኋላ ነው። ስናየው ደግሞ በራችን ላይ ነበር። እናቴን ተሸክሜ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከእኛ ሁለት በር ዝቅ ብሎ የነበረው ቤት ሲነጋ የለም።

ያን ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ወደ 10 ሺህ የሚሆን ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ ጥሩ ነው። ግን ግንብ አለ ብሎ አሸዋው መሀል መተኛት ሌላ ነገር ነው። በ2012 ሚያዝያ ላይም ጎርፍ መጥቶ ሰው ወስዷል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው የሚያስፈራው አትበሉ።

ልጆቼን ያስተማርኳቸው አንድ ነገር ነው። ደረቅ አሸዋ ላይ ቀጭን ቡናማ ውሃ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ ሲመጣ ካያችሁ ዕቃ አታንሱ። ሩጡ፣ ወደ ጎን። ያቺ ቀጭኗ ውሃ የፊተኛዋ ናት።

---

ሙሽራዋ እህቴ ናት | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ረቡዕ ድሬ እገባለሁ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 1 ሐረር ላይ የእህቴ ሠርግ ነው። ግቢ ውስጥ ነው የሚደገሰው። ድንኳን ልንከራይ ነው፣ የፀሐይ ብቻ ይበቃል ወይስ ዝናብ የሚይዝ? ልዩነቱ ብዙ ብር ስለሆነ ነው። ልብስም ምን ልያዝ?

---

የጁገል ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡32

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ! ሐረር ከአዲስ ትሞቃለች፣ አትፍሪ። አዲስ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ 1,900 እንኳን አንሞላም። ቀን ቀለል ያለ ልብስ ይበቃሻል። ማታ ግን የጥቅምት ብርድ ብርድ ነው። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሹራብ ያዢ፣ ለእናትሽ ጋቢ። ድሬ ላይ ደግሞ ከባቡሩ ስትወርጂ ያንን ሁሉ ታወልቂያለሽ።

ድንኳኑን በተመለከተ ዝናብ የሚይዘውን ተከራዩ። እኛ አምና በዚሁ ሰሞን ለወንድሜ ስንደግስ ጠዋት የነበረው ሰማይ አንድም እንከን አልነበረውም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ብቻ ዘነበ። ሃያ ደቂቃዋ ግን ምንጣፉንም፣ ጄነሬተሩንም፣ የሴቶቹንም ልብስ አበላሸች። ምሳውን በጊዜ አብሉ። ቦይ ቆፍሩ፣ በድንኳኑ ዙሪያ አንድ አካፋ ጥልቀት ይበቃል። ኬክና ድምፅ ማጉያ ከጫፍ አርቁ።

---

የከዚራ ጥላ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40

የጁገል ልጅ የምትለው ልክ ነው። ቅዳሜ ደረቅ የመሆን ዕድሉ ከሳምንቱ መጀመሪያ የተሻለ ነው። ግን ስድስት ቀን ቀድሞ በእንደዚህ ያለ ወቅት ስለ አንዲት ግቢ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሐሙስ ማታ መልሼ እጽፍልሻለሁ።

---

ባቢሌ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

አሰላሙ አለይኩም። እኔ የለውዝ ገበሬ ነኝ። ግማሹን ነቅለን አስጥተናል፣ ግማሹ ገና መሬት ውስጥ ነው። ዝናብ አለ ካላችሁ ቀሪውን ላቆየው ወይስ ልንቀል? ዘንድሮ ምርቱ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ግን እርጥብ ሳለ ከምረነው ሻገተ፣ ነጋዴው ዋጋውን ጣለብን።

---

የእርሻ ሰው | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም ከሳምንቱ ዝናብ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ነው። ለውዙ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። ቢታጠብም ቢቆላም አይለቅም። ጉበት ይጎዳል። ነጋዴው የሚፈራው ለዚያ ነው፣ እኛም ለልጆቻችን ስንል ልንፈራው ይገባል።

ገና ያልተነቀለው ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነና መሬቱ ውሃ ካልያዘ እስከ ሐሙስ ቢቆይ አይጎዳም። ከደረሰ በኋላ ግን ብዙ አታቆየው፣ መሬት ውስጥ ይበቅልብሃል። ጥቂት ነቅለህ ፈልፍለህ እየው። የልጡ ውስጠኛ ግድግዳ ከጠቆረ ደርሷል።

የተነቀለውን መሬት ላይ ዝርግፍ አታድርገው። ሥሩን ከነፍሬው ወደ ላይ ገልብጠህ አስጣ፣ ነፋስ ይግባበት። ከሰዓት በኋላ ደመና ስታይ ሰብስበህ ሸራ አልብስ። ዝናቡ እንዳለፈ ወዲያው ግለጠው። ላስቲክ ለብሶ ማደር የለበትም፣ ውስጡ ያልበዋል፣ ሻጋታውን የሚጠራው እሱ ነው። ስትነቀንቀው ፍሬው ከልጡ ውስጥ ሲንኳኳ ያኔ ጆንያ ውስጥ አስገባው። በጭራሽ ቀድመህ አታስገባ።

የማሽላው ነገር ይለያል። ማሽላችሁ ገና ቆሞ ከሆነ ይቺ ዝናብ ለአንዳንዱ ትጠቅመዋለች። አጭዶ መሬት ላይ ያስተኛ ሰው ነው የሚጎዳው።

---

ዘመዶቼ ቀብሪደሃር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡50

አንድ ነገር ላርም። ሁላችሁም "ክረምቱ ወጣ፣ በጋ ገባ፣ ደረቅ" ትላላችሁ። ይሄ ለእናንተ ነው። ለእኛ ዘመዶች ወቅቱ የሚገባው ገና አሁን ነው። በሶማሌ ክልል ደቡቡ ክፍል ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚዘንበው ዴር ነው። በቦረና ደግሞ ሀገያ ይሉታል። ድሬ "አልፎልናል" ብላ ስትተኛ የእኛ ሰዎች ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ኩሬው ሁሉ በዚያ ዝናብ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ከልክ አለፈ። ለዓመታት በድርቅ ከብት አልቆ ሳለ ጎርፍ መጣ። ሸበሌ ሞልቶ መንደር ወሰደ። ስለዚህ ስለ ምሥራቁ ስትጽፉ እኛንም አስቡን።

---

የከዚራ ጥላ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ትክክል ነህ ወንድሜ፣ ይቅርታ። ርዕሱ ላይ "ዙሪያው" ብዬ ጽፌ እናንተን መርሳት አልነበረብኝም።

ለሌሎቹ ላስረዳ። ከእኛ የሚሸሸው ዝናብ የትም አይጠፋም፣ ወደ እነሱ ነው የሚወርደው። የዴሩን ብርታት የሚወስነው በብዛት የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ለአፍሪካ የሚቀርበው የውቅያኖሱ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅና የኢንዶኔዥያው በኩል ሲቀዘቅዝ ዴሩ ይበረታል። ሲገለበጥ ይደርቃል። በ2016 ይሄ የውቅያኖስ ሙቀትና ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ) አንድ ላይ ገጠሙ። በ2012 መጀመሪያም ውቅያኖሱ እንደዚሁ ነበር፣ ያኔ ዝናቡን ተከትሎ አንበጣ ተራባብቶ እስከ እኛ ማሽላ ደረሰ። የድሬ ገበሬ ያንን አይረሳውም።

ከአሁን በኋላ በየሳምንቱ ስለ ቀብሪደሃርና ጎዴ አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ። ከዚያ ያለውን ሰማይ አንተ ብትነግረን ደስ ይለኛል።

---

ሲስተር ሳቢያን | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10

እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ዝናቡ ሲቆም የእኛ ሥራ ይጀምራል። እባካችሁ ይሄን እዩት።

በዚህ ወቅት የሚያሳስበኝ ትንኝ ነው። በ2006 መጀመሪያ ድሬ ላይ ዴንጊ ሲገባ ልክ በእነዚህ ወራት ነበር። በሽተኛው ከአሥር ሺህ አለፈ። በ2011 መጨረሻና በ2012 መባቻ ቺኩንጉኒያ መጣ፣ ሰፈር ሙሉ መገጣጠሚያውን ይዞ ጎብጦ ይሄድ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው እግሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት ትንኝ ናት። የምትነክሰው በቀን ነው። አጎበር ለሌሊት ነው፣ ለእሷ አይበቃም።

የምትራባው በእኛው ቤት ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜል አለን። ክዳን የሌለው በርሜል፣ ጎማ፣ የተሰበረ ማሰሮ፣ የአበባ ድስት፣ እዚያ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ መብረር ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ምረጡ። በርሜሉን ባዶ አድርጉ፣ ጎኑን በብሩሽ ፈትጉት፣ እንቁላሉ እዚያ ተለጥፎ ነው የሚቆየው። ከዚያ ሙሉት፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ እሰሩት።

ሌላም አለ። ከተማ ለምዳ በበርሜልና በታንከር የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ መጥታለች። በ2014 ድሬ ላይ በበጋ የተነሳው ወባ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ "ዝናብ የለም፣ ወባ የለም" አትበሉ።

ትኩሳት ሲይዛችሁ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አትዋጡ። ዴንጊ ከሆነ ደም መፍሰስ ያባብሳል። ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተመርመሩ።

---

ሶሌታ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ሐሙስ ገንደ ቆሬ ላይ ሶሌታ ልንሞላ ነው። ይሻላል ወይስ ላራዝም?

---

የከዚራ ጥላ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ሐሙስ ጠዋት በጊዜ ጀምሩ፣ 6 ሰዓት ሳይሆን ጨርሱ። ከዝናቡ ይልቅ ደረቁ ነፋስ ነው የሚያሰጋችሁ። ኮንክሪቱ ከላይ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ቢያንስ ሳምንት ውሃ አጠጡት።

---

የደንገጎ ሹፌር | ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡12

ከሐረር እየወረድኩ ነው። አሁን ደንገጎ ላይ ቆሜያለሁ። ዶፍ ነው፣ በረዶም አለው። መጥረጊያው አልቻለውም። ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ቀይ ውሃ አስፋልቱን ያቋርጣል። ድንጋይም ወርዷል። ወደ ላይ የምትመጡ ሹፌሮች ቁሙ። የምትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትንጠልጠሉ።

ድሬ ዘንቧል?

---

ባጃጅ 24 | ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡16

ድሬ ፀሐይ ነው። ጠራራ።

---

የከዚራ ጥላ | ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡18

ከበረንዳዬ ተራራው አይታይም፣ ጠቁሯል። ደቻቱ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች አሁኑኑ ከአሸዋው ውጡ። የምታውቁት ሰው እዚያ ካለ ደውሉ። ልጄ ባጃጅ 24፣ ቅርብ ከሆንክ ለነጋዴዎቹ ንገርልኝ። አንተ ግን አትግባ፣ ከዳር ሆነህ ጥሩንባ ንፋ።

---

ባጃጅ 24 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

መጣ።

ወደ 10 ሰዓት ተኩል ደርሼ ጥሩንባ እየነፋሁ ከዳር ዳር ሄድኩ። መጀመሪያ ሰው ሳቀብኝ፣ ፀሐይ ነበራ። ስልኬን አውጥቼ ሹፌሩ የጻፈውን አነበብኩላቸው። አንዲት ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ እናት ቀድማ ተነሳች፣ "ልጄ ልክ ነው፣ አየሩ ሸቶኛል" አለች። እሷ ስትነሳ ሌላውም ተነሳ። አሸዋ የሚጭኑ ልጆች መኪናቸውን አወጡ።

11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጭኗ ውሃ ጭራሮ እየገፋች መጣች። አባባ ደቻቱ ዳር እንዳሉት። ከዚያ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከጉልበት በላይ ሆነ። ጨርቃቸው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ነው ያለው። ከሰው የተጎዳ የለም። አንድ ጋሪ ሄዷል።

ከተማው ላይ እስካሁን አልዘነበም።

---

ደቻቱ ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡02

ተባረክ ልጄ። ተባረክ ሹፌሩም።

ውሃው ስለጎደለ ዛሬ ማታ ተመልሳችሁ አትግቡ። ተራራው ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘንብ ይችላል፣ ሁለተኛው ውሃ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል።

---

ሲስተር ሳቢያን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ውሃው የነካውን ዕቃ በበረኪና ሳታጥቡ ልጅ አታስነኩ። ጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ አፍልታችሁ ጠጡ። የወንዙ ዳር ሰፈሮች በዚህ በኩል ተጎጂ ናቸው፣ ተቅማጥ በቶሎ ነው የሚነሳው።

---

የከዚራ ጥላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

እጄ ይንቀጠቀጣል። ለዓመታት ስጽፍ እንደዛሬ ጽሑፌ ወዲያው እግር አውጥቶ ሲሄድ አላየሁም።

ያየነውን በቁጥር ላስቀምጠው፣ ለሌላ ጊዜ ይጠቅመናል። ደንገጎ ላይ ዶፉ የተጻፈው 10፡12 ላይ ነው። ውሃው አሸዋው ላይ የደረሰው 11፡30 ገደማ። አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው ያገኘነው። በሌላ ቀን፣ መሬቱ ይበልጥ ከረጠበ፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ይቺን ሰዓት ማንም ስልክ አይሰጠንም። የሚሰጠን ተራራው ላይ የቆመ ሰው ነው።

ነገና ከነገ ወዲያ ያው ነው፣ ግምቴን አልቀየርኩም። ሹፌሮች፣ የቀርሳና የሐረማያ ሰዎች፣ ዝናብ ስታዩ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ጻፉልን። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

---

ቀርሳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ አለሁ። ሱቄ ከመንገዱ ዳር ነው፣ ሰማዩ ሙሉ ይታየኛል። አሁን ካፊያ ነው።

---

የደንገጎ ሹፌር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

በሰላም ገብቻለሁ። ነገ ጭነት አለኝ፣ 9 ሰዓት ላይ ደንገጎ ነኝ። እጽፋለሁ።